የሙሽሪት ገደል

መምህር እንዳላማው የሞቱት በገዛ መጽሐፋቸው አሟሟት ነው። ያን ረቡዕ ሮብ ገበያ ላይ ይህን የማይል ሰው አልነበረም። በግ ሻጩም፣ ጨው ቸርቻሪውም፣ የወረዳው ጸሐፊም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ሙሽሪቷ ወሰደቻቸው።

«የጉም ሙሽሪት» ከተጻፈ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። በጎጃም ፊደል ቆጥሮ ያላነበበው ጥቂት ነው፤ ያላነበበውም ቢሆን ታሪኩን ይተርከዋል። በሠርጓ ሰሞን የሞተች ልጃገረድ ሐሙስ ሐሙስ ከጮቄ ጉም እየወጣች እጮኛዋን ትጎበኛለች። እሱም ሌላ ሴት ቀና ብሎ ሳያይ ሰባት ዓመት ይኖርና በመጨረሻ ተከትሏት ገደል ይገባል። አሁን መጽሐፉ ፊልም ሊሆን ነበር። ሠሪዎቹ ከአዲስ አበባ መጥተው ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ካለው ገደል አጠገብ ድንኳን ከተከሉ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ደራሲው ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከዚያው ገደል ሥር ወድቀው ተገኙ። ያገኟቸው በግ ወደ ገበያ ይነዱ የነበሩ ሁለት ገበሬዎች ናቸው።

ኢንስፔክተር ሚንሃጅ አብዱልቃኒ ከደብረ ማርቆስ ሲደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። የቁይ ከተማ ልጅ ነው። መጽሐፉን ዘጠነኛ ክፍል ሳለ በሒሳብ ደብተር ሥር ደብቆ አንብቦት ነበር፤ በዚያ ዓመት ሒሳብ የወደቀውም በዚሁ ሳቢያ ነው።

አስከሬኑን ዝቅ ብሎ አየው። የጭንቅላታቸው የኋላ ክፍል ተሰብሯል። ዓይናቸው ግን ተከድኗል፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ ተጣጥፏል፤ ጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍኖ ነበር።

«ማን ነው የነካቸው?» አለ ወደ ገበሬዎቹ ዞሮ።

«ኧረ እኛ አልነካን! ጋቢውን ገለጥ አድርገን አየንና ሮጥን» አሉ።

«ስታገኟቸው ተሸፍነው ነበር?»

«ተከናንበው ነበር። የተኙ ነው የመሰለን።»

ሃያ ሜትር የወደቀ ሰው ጋቢውን አስተካክሎ አይከናነብም። ሚንሃጅ ይህን በማስታወሻው ላይ አሰፈረ። ቀጥሎም «ደብተር የለም» ብሎ ጻፈ፤ መምህሩ ሰማያዊ ደብተር ከእጃቸው እንደማይለይ የፊልሙ ሰዎች ሁሉ ነግረውታልና።

የወረዳው ፖሊስ አዛዥ ኮማንደር ምናለ ግን ጉዳዩን ጨርሶት ነበር የጠበቀው። «አንተ ደግሞ ምን ታለፋናለህ» አለው። «ተዋናይቷን ይዣታለሁ። ሙሽራ ሆና የምትሠራውን፣ መቅዲ የምትባለውን። ማለዳ ነጭ ለብሳ ገደሉ አፋፍ ላይ ገበያተኛ ሁሉ አይቷታል። አርብ ጠዋት ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ።»

«ምን አድርጋ?»

«ገፍታ ነዋ። በሌላ ተዋናይት ሊያስቀይሯት ነበር። ይህ ፊልም ከቀረባት ደግሞ ወደ ፀጉር ቤቷ ነው የምትመለሰው። ሌላ ሰው ካለህ እስከ አርብ አምጣልኝ፤ ከሌለህ ልጅቷ በነፍስ ግድያ ትከሰሳለች።»

*

መቅዲ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የሙሽራ ቀሚሷን አስወልቀው የፖሊስ ካፖርት ደርበውላታል። የቀሚሱ ጫፍ ጭቃ ነክቶታል፤ ኮማንደሩ ይህንንም እንደ ማስረጃ አስቀምጦታል።

«መጀመሪያ ተኝቼ ነበር ብለሻል» አላት ሚንሃጅ።

«ዋሽቻለሁ። የቀረጻ ልብስ ለብሶ ከድንኳን መውጣት ከሥራ ያስባርራል። ጉሙ ስለበዛ ቀረጻው ሲዘገይ ለእናቴ ልደውል አፋፉ ላይ ወጣሁ። ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው።»

ስልኳን አየው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ከእናቷ ጋር አውርታለች።

«ከመምህሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«እሳቸው ናቸው የተጣሉኝ። "ይህች ልጅ ጤነኛ ናት፤ የሞተች አትመስልም፤ ቀይርልኝ" ብለው ለዳይሬክተሩ ነገሩት።» ካፖርቱን ሰብስባ ያዘች። «እኔ ምን ላድርግ፤ ሞቼ አላውቅም።»

ሚንሃጅ ሳቁን ዋጠ። «አይተሻቸው ነበር?»

«በዚያ ጉም ማን ያያል? ድምፃቸውን ግን ሰምቻለሁ። ስልኩን እንደዘጋሁ ከአፋፉ ወዲያኛው ጫፍ ያነቡ ነበር። ከዚያ ሳቁ። ሌላ አልሰማሁም፤ መንገዱ እስኪታየኝ እዚያው ቆየሁ።»

«ለማን ነው የሚያነቡት?»

«ለራሳቸው መስሎኝ። ደራሲ አይደሉ?»

ሰው ለብቻው ጮክ ብሎ ሊያነብ ይችላል። ሚንሃጅም አባቱ ለሬዲዮ መልስ ሲሰጡ ሰምቶ ያውቃል። በማለዳ ጉም ውስጥ ብቻውን ቆሞ ከት ብሎ የሚስቅ ሰው ግን አልገጠመውም።

«ኢንስፔክተር» አለችው ሊወጣ ሲል፣ «እናቴ ሰምታለች?»

«አልሰማችም።»

«እስከ አርብ አትስማብኝ።»

*

የፊልሙ ሠርግ የሚቀረጸው በወይዘሮ ሥራነሽ ዋሴ ግቢ ነው። ግቢው የተመረጠው ስለሚያምር ብቻ አይደለም፤ ሙሽሪቷ እውነተኛ ሰው ነበረች። የብርጓል ዋሴ ትባላለች፤ መጽሐፉም ስሟን አልለወጠውም። በሠርጓ ሳምንት በሦስት ቀን ትኩሳት ስትሞት የወቅቱ ወጣት መምህር እንዳላማው እጮኛዋ ነበሩ። ወይዘሮ ሥራነሽ ታናሽ እህቷ ናቸው፤ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። አገሩም የሚያውቃቸው በስማቸው ሳይሆን «የሙሽሪቷ እህት» በሚል ነው።

ሚንሃጅን በር ላይ ተቀበሉት፤ በርጩማ ሰጡት፤ ከፊታቸው ምንም አይነበብም።

«አዝናለሁ እትዬ» አላቸው። «ያውቋቸው ነበር።»

«አውቀው ነበር፣ ልጄ። መጥቶ እዚህ እተቀመጥክበት ይቀመጥ ነበር።»

«መጽሐፉን አንብበውታል?»

«ማንበብ አልችል። ሲተረክ ግን ያልሰማሁት ጊዜ የለም። እድር ቤትም ይተረካል፣ ወፍጮ ቤትም ይተረካል።»

«እኔ የማስታውሰው መጽሐፉ ውስጥ የብርጓል ለእናቷ አንድ ናት። እህት የላትም።»

«ለድርሰት አንድ ልጅ ይበቃል ብሎ ይሆናል። ደራሲን ማን ይጠይቃል?»

«ዛሬ ማለዳ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ነዋ። ሠርገኛ ሆኜ። የልብስ ኃላፊዋ፣ ያች የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሁላችንን ፎቶ አንስታናለች። ጠይቃት።»

መልሳቸው የተዘጋጀ ሰው መልስ ነበር። ያም ሆኖ የተዘጋጀ ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይደለም። ፖሊስ ቤቱ ሲመጣ ምን እንደሚል ያላሰበ የገጠር ሰው የለም። ሚንሃጅ አመስግኖ ወጣ።

*

ገበያው ሊበተን ሲል ረሺዳን አገኛት። በርበሬና ጨው የምትነግድ የሃምሳ ዓመት ሴት ናት። ሙሽሪቷን በዓይኔ በብረቱ አየሁ የምትለው እሷ ናት፤ ወሬውንም ከነበርበሬው ስትቸረችር ነው የዋለችው።

«የአብዱልቃኒ ልጅ አይደለህ? የቁዩ ጨርቅ ሻጭ? አባትህ ሰላም ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ወላሂ አልዋሽህም። አህያዬን ጭኜ በታች መንገድ ስመጣ ጉሙ ገለጥ ሲል አፋፉ ላይ ነጭ ለብሳ ቆማለች። ቢስሚላህ ብዬ አህያዬን ገፋሁ። ዘወር ብዬ ሳይ ከገደሉ ሥር ነች! ያው ነጭ፣ ያቺው ሴት። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልሆነም። ሰው እንዲህ ይፈጥናል?»

«አይፈጥንም።»

«እንግዲያው!»

«ከታች ያለችው ምን ታደርግ ነበር?»

ረሺዳ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚፈልገው ከላይ ወደ ታች መብረሯን ነው። ትንሽ አሰበች። «ጎንበስ ብላ ነበር» አለች። «የወደቀ ነገር እንደሚለቅም ሰው።»

ሚንሃጅ ወደ መኪናው ሲመለስ እግሩ ቀለል አለው። ከአፋፉ እስከ ገደሉ ሥር የሚያስወርደው የእግር መንገድ ርቆ የሚዞር ጥምዝምዝ ነው፤ ለጎበዝ ሰው ሩብ ሰዓት ይፈጃል። አንዲት ሴት በቅጽበት ከላይና ከታች ከታየች፣ ወይ መንፈስ ናት ወይ ሁለት ሴቶች ናቸው። መንፈስ ስልክ ደውላ ከእናቷ ጋር አታወራም። ላይኛዋ መቅዲ ከሆነች፣ ታችኛዋን ማግኘት ነው የቀረው።

ኮማንደር ምናለ ይህን ሲሰማ አልተደነቀም። «ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት? በሮብ ገበያ ቀን? አንድ ሺህ ልቁጠርልህ?»

*

የፊልሙ ዳይሬክተር አማረ ሐሙስ ጠዋት የተገኘው ድንኳኑ ውስጥ ሲጋራ በሲጋራ ላይ ሲለኩስ ነው። በምስክሮች ቃል ማክሰኞ ማታ ከመምህሩ ጋር ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው ገበያው ድረስ ተሰምቷል። ረቡዕ ማለዳ ግን ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከወጥ ሠሪዎቹ ሴቶች ጋር ሲነታረክ ነበር። የሠርግ ግብዣውን በጾም ቀን መርሐ ግብር ያስያዘው እሱ ነው። ሃምሳ ሠርገኛ ሥጋ አንነካም ብሎ አምፆበት፣ ወጡ በስንት ልመና በሽሮ ተቀየረ። ሃምሳ ምስክር ያለው ሰው ገደል ላይ ሊገኝ አይችልም።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በመጨረሻው። አዲስ መጨረሻ ጽፌአለሁ ብለው መጡ። አርባ ዓመት ሙሉ ሕዝብ ያለቀሰበትን ታሪክ! ሙሽራው ገደል አይገባም፤ አፋፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል ይላሉ።»

«ወዴት ይመለሳል?»

«ወደ እህቷ ቤት።» አማረ እጁን ዘረጋ። «ወደ ሙሽሪቷ እህት! እኔም ከየት የመጣች እህት ናት አልኳቸው። መጽሐፉ ላይ የለችም፣ ስክሪፕቱ ላይ የለችም። ተመልካቹ ሙሽሪቷን ለማየት ትኬት ቆርጦ ገብቶ በማያውቃት ሴት ሊመለስ?»

«ምን አሉ?»

«መጀመሪያ ተቆጡ። በኋላ ግን አሰቡና "እውነትህን ነው" አሉኝ። እንዲያውም እየሳቁ ነው የወጡት።»

ሚንሃጅ ብዕሩን አስቀመጠ። ጥርጣሬው ወዴት እንደሚሄድ አውቆታል፤ መሄዱንም አልወደደውም። ጥርጣሬ ብቻውን ደግሞ ለአርብ ጠዋት አይሆንም። የሥራነሽ ግቢ ከገደሉ ሃያ ደቂቃ ይርቃል፤ ሴትዮዋም ምስክር አለኝ ብለዋል።

*

የልብስ ኃላፊዋ ሃኒ ላፕቶፗን ከፈተች። ሥራዋ ቀላል ይመስላል፤ ከባድ ነው። ተዋንያኑም ሠርገኞቹም ዛሬ የለበሱትን ነገም በዚያው ዓይነት መልበስ አለባቸው፤ አለበለዚያ ፊልሙ ላይ አንዲት ሴት በር ስትገባና ስትወጣ ሁለት ሰው ትሆናለች። ስለዚህ ሃኒ እያንዳንዱን ሰው ከቀረጻ በፊት ከነሰዓቱ ፎቶ ታነሳለች።

«የወይዘሮ ሥራነሽን አሳዪኝ።»

«ይኸው፤ ከሴቶቹ ጋር። ሁለት ሰዓት ከሃያ።»

ምስክራቸው እውነት ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ገደሉ ሥር የነበረ ሰው ግን በሁለት ሰዓት ከሃያ እዚህ ለመድረስ ጊዜ ይተርፈዋል፤ ፎቶው የሚያድን አልሆነም። የሚከስስም አልነበረም። ሚንሃጅ ሊነሳ ሲል እንደገና ወደ ምስሉ ጎንበስ አለና ቆየ።

አባቱ በቁይ ነጠላና ጋቢ ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ለልጃቸው ያስተማሩት የመጀመሪያ ነገር መለካት አይደለም። ሴት ወደ ሱቅ ስትገባ አስቀድመህ ጥለቷን እይ ነበር ያሉት። ጥለቱ ወደ እግሯ ከወረደ ምን ልስጥሽ በል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱ ወደ አንገቷ ከወጣ ለቅሶ ላይ ናት፤ መጀመሪያ እግዜር ያጥናሽ በል፣ ዋጋም አታከራክራት። ሚንሃጅ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ጥለት ሲያይ ነው ያደገው።

በፎቶው ላይ ሃያ ሴቶች ለሠርግ ለብሰዋል። ሥራነሽ ብቻ አዘቅዝቀዋል።

«ይህን አላየሽም?» አላት ሃኒን።

«አይቻለሁ እንጂ። ተሳስተው መስሎኝ "እማማ፣ ሠርግ ነው እኮ" ብዬ በእጄ አዞርኩላቸው። የተስተካከለው ፎቶ ቀጥሎ አለ።»

«ምን አሉሽ?»

«ምንም። እስካዞርላቸው ቀጥ ብለው ቆሙልኝ።» ሃኒ ድንገት እጇን አፏ ላይ አደረገች። የአዲስ አበባ ልጅ ብትሆንም እሷም ለቅሶ ደርሳ ታውቃለች። «መምህሩ የተገኙት ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት ከሩብ።»

ሚንሃጅ ከዚያ በቀጥታ ወደ ደብሩ ሄዶ መሪጌታውን ጠየቀ። ከመስቀል ወዲህ የተቀበረ ሰው የለም፤ ከሩቅ የመጣ መርዶም የለም። በወይዘሮ ሥራነሽ ዘመድ አዝማድ ውስጥ የሞተ አልነበረም።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በወረዳው ፖሊስ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ሚንሃጅ ሁለቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖራቸው። ወይዘሮ ሥራነሽ ፊደል ባይቆጥሩም ፎቶ ማንበብ ያውቃሉ። የተዘቀዘቀውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው አዩት።

«እጄ ነው ያደረገው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አላዘዝኩትም። ባሌ አይደለ፣ ወንድሜ አይደለ፤ ግን ሞቶ አይቼው እንዴት ቀጥ አድርጌ ልልበስ?»

ከነጠላቸው ሥር ሰማያዊ ደብተር አውጥተው ከፎቶዎቹ ጎን አስቀመጡት። ውኃና ጭቃ አሳብጦታል።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

«የብርጓል ስትሞት አርባዋ ወጣና ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ዝምድናው እንዳይቆረጥ እኔን በምትክ ሰጡት። የዚያን ጊዜ እንዲያ ይደረግ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። እሱም እምቢ አላለም፤ ጊዜ ስጡኝ አለ። ሁለት ዓመት ጠበቅሁት፣ ልጄ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ አባቴ የእንዳላማው ናት ይላል። ከዚያ መጽሐፉ ወጣ። ሌላ ሴት ቀና ብሎ አላየም ይላል። እኔን እምቢ ያለኝ በመጽሐፍ ነው።»

«ከዚያ በኋላስ የጠየቀዎት ሰው የለም?»

«ማን ይጠይቃል? ሙሽሪቷ በምትመላለስበት ቤት ማን ጎጆ ይወጣል? አገሩ ሁሉ ፍቅሩን ሲያደንቅ እኔ አርባ ዓመት ፍቅሩን ስሰማ ኖርኩ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ዘንድሮ ለፊልሙ መጣና እቤቴ ተቀመጠ። በድዬሻለሁ አለኝ። አዲስ መጨረሻ እጽፋለሁ፣ አንቺ ትገቢያለሽ አለኝ። ረቡዕ ማለዳ አፋፉ ላይ ነይና አንብቤ ላሰማሽ አለኝ። ሄድኩ። አነበበልኝ። ሙሽራው ይመለሳል፣ እህቷ በር ትከፍታለች። አለቀስኩ፣ ልጄ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳቀ። "ዳይሬክተሩ ግን እምቢ አለ፤ ሳስበውም እውነቱን ነው፤ አንቺን ማን ያውቅሻል" አለኝ። ደብተሩን ወደ ገደሉ ወረወረው። እንዲያው እንደ ዋዛ።» የደብተሩን ሽፋን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ወርጄ ስደርስ ሞቷል። ዓይኑን ከደንኩለት። ደብተሩንም አንስቼ ሄድኩ።»

«መቅዲ መታሰሯን ሰምተዋል?»

«ማታ ሰማሁ። ዛሬ ባትጠራኝ እኔው እመጣ ነበር፤ እመነኝ አልልህም፣ ካላመንከኝ ተወው።»

ሚንሃጅ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። በሥራው ላይ ቆየት ብሏል፤ ከሐኪሙ የመጣውን ወረቀት ደግሞ በደንብ አንብቦታል። አፋፉ ጭቃ ነው፤ ሰውየው ሰባ ዓመታቸው ነው፤ የተገፋና የተንሸራተተ ሰው ቁስል ደግሞ አንድ ነው። ወንበራቸው ላይ እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ የተቀመጡትን እኚህን ሴት ወህኒ ለማውረድ አልፈለገም። አለመፈለጉንም ለራሱ አልደበቀም።

«እትዬ፣ ረጋ ብለው ያዳምጡኝ» አላቸው። «ሐኪሙ ተንሸራተው ሊሆን ይችላል ብሏል። ደብተሩን ሲወረውሩ እግራቸው ከድቷቸው ወደቁ ቢሉኝ እንደዚያው እጽፋለሁ። መቅዲ ዛሬውኑ ትፈታለች። እርስዎም ቤትዎ ይገባሉ። የሚጠይቅዎ የለም።»

ሴትዮዋ በጥሞና ሰሙት። «እንደዚያ ከተጻፈ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያው ነው፣ የሚለውን ይላል። ሙሽሪቷ ወሰደቻቸው።»

«እንደ መጽሐፉ።»

«እንደ መጽሐፉ።»

«እኔስ?»

ሚንሃጅ ወደ ሰማያዊው ደብተር አየ።

«ገፋሁት» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ። «በሁለት እጄ። እሷ አልወሰደችውም፣ ጭቃም አልጣለው። እኔ ነኝ የገፋሁት ብለህ ጻፍ። ስሜንም ከነአባቴ ጻፍልኝ።»

«እትዬ፣ ይህ ዕድሜ ልክ ሊያስፈርድብዎ ይችላል።»

«አውቃለሁ። ጻፍ።»

ጻፈ። ቃሉ ሦስት ገጽ ሆነ። ጽፎ ሲጨርስ እንደ ደንቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላቸው፤ እሳቸውም አንድ ቃል ሳያርሙ ሰሙት። የጣት አሻራ ሊያስደርጋቸው ቀለሙን ሲያቀርብ እጁን ይዘው አቆሙት። ስማቸው የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ጠየቁት። በጣቱ አሳያቸው። ያን መስመር እንደገና አንብብልኝ አሉት፤ አነበበላቸው።